«ቤቱ ይቁምና ሌላው ይደርሳል» ለሚሉ ሁሉ



በዚህ ሰሌዳ ላይ በአብዛኛው የሚለጠፈው የዕድር ጥሪ፣ የጽዳት ቀን ማስታወቂያ፣ አልፎ አልፎም የጠፋ ቁልፍ ወሬ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ክርክር ነው። የሚቀየም ካለ ይቀየም፤ መልስ አለኝ የሚል ደግሞ ጽፎ ያምጣ፤ ከዚሁ ጎን ይለጠፍለታል። የምንከራከርበት ጉዳይ አዲስ ቤት የሚሠሩ ጎረቤቶቻችን ለመብራት፣ ለውሃና ለፍሳሽ የሚያስፈልገውን ገንዘብ መቼና እንዴት ማሰብ ይገባቸዋል የሚለው ነው። ሲታይ የእያንዳንዱ ሰው የግል ኪስ ጉዳይ ይመስላል። አይደለም። የሁላችንም ጉዳይ የሆነበትን ምክንያት ከዚህ በታች ታገኙታላችሁ።

ከላይ በኩል ባለው አዲሱ ምሪት የተሠሩትን ቤቶች ያላየ የለም። ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመትቷል፣ መስታወቱ ገብቷል፣ የአንበሳ ራስ ያለበት የብረት በር ተገጥሟል። አንዳንዱማ ቀለሙን ሁለተኛ ዙር አስቀብቷል። ማታ ሲሆን ግን ግማሹ ጨለማ ነው። የቀረው ግማሽ ደግሞ በቀጭን የባሕር ዛፍ አጠና ላይ በተንጠለጠለ ሽቦ ከጎረቤት ቤት መብራት ይጠባል። ጎማ በአጥር ላይ ተሻግሮ ውሃ ያቀብላል። የመጸዳጃው ነገር ወደ በኋላ ይምጣ። ባለቤቱን «ምነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቤቱ ይቁም እንጂ ሌላው ይደርሳል።»

ከየት ነው የሚደርሰው? በማን ገንዘብ? በማን አጥር ላይ አልፎ?

የዚህን ፈሊጥ ሥር ለማየት የሥራ ግምቱን ወረቀት ማንበብ ይበቃል። ፎርማኑ ወይም ሥራ ተቋራጩ የሚያቀርበው ወረቀት ሲሚንቶውን በኩንታል፣ ፌሮውን በቤርጋ፣ አሸዋውን በመኪና፣ ብሎኬቱን በቁጥር ይዘረዝራል። በርና መስኮቱ ለየብቻ፣ ሴራሚኩ በካሬ ሜትር ተጽፏል። ከዚያ መጨረሻ ላይ፣ ድምሩ ከመሰመሩ በፊት፣ «ኤሌክትሪክና ሳኒተሪ» የሚል አንድ መስመር ይመጣል፤ ከጎኑ በግምት የተጣለ አንድ ቁጥር። ባለቤቱ ይህን ሲያይ «አሃ፣ መብራቱም ውሃውም ታስቦበታል» ብሎ ደስ ብሎት ይፈርማል። ያ ቁጥር ግን የሚያሳየው ከግድግዳ ወደ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ ይኸውም በግድግዳ የሚቀበረውን ሽቦ፣ ሶኬቱን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ የሽንት ቤት መቀመጫውን፣ የእጅ መታጠቢያውን። ከግድግዳ ወደ ውጭ ያለው የለበትም። ምሰሶ የለም። ከምሰሶ እስከ ቤት የሚመጣው ኬብል የለም። ቆጣሪ የለም። ከዋናው መስመር የሚመጣው ቧንቧና ቁፋሮው የለም። የተነሣውን ኮብልስቶን መልሶ የማንጠፍ ወጪ የለም። ሮቶው፣ ዲናሞው፣ ሴፕቲክ ታንኩ የሉም።

ፎርማኑ አታለለ ለማለት አይደለም። እሱ የተጠየቀው ቤት ነው፤ ቤት ገምቶ ሰጠ። ጥፋቱ የባለቤቱ ነው። ከግድግዳ ወደ ውጭ ላለው ሥራ ሁለተኛ ወረቀት ሳያስጽፍ መሠረት የሚያስቆፍር ሰው የገንዘቡን ልክ ሳያውቅ ነው የሚቆፍረው። ሌላ ቋንቋ የለውም።

ለመሆኑ ያ ሁለተኛ ወረቀት ከባድ ነው? የሚጠይቀው አንድ ጠዋትና አንድ የመለኪያ ሜትር ነው። ከቦታህ እስከ ቅርቡ ምሰሶ ስንት ሜትር ነው? እስከ ዋናው የውሃ መስመርስ? የመንገዱ ወለል ከአንተ ወለል በላይ ነው ወይስ በታች? እነዚህን ሦስት ነገሮች ይዞ ወደ መብራቱና ወደ ውሃው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች የሄደ ሰው ቢያንስ የወጪውን መጠን ገምቶ ይመለሳል። ርቀቱ ግድግዳው ከቆመ በኋላ አይለወጥም፤ ባዶ መሬት ላይ 80 ሜትር የነበረው ቪላው ሲያልቅም 80 ሜትር ነው። ታዲያ በመጨረሻው ቀን የሚታወቀው ነገር በመጀመሪያው ቀን ሊታወቅ ሲችል «ይደርሳል» ማለት ድኽነት አይደለም፤ አለመቁጠር ነው።

ባለፈው ስብሰባ ላይ አንድ ወንድማችን ተነሥተው «ግድቡ ተመርቋል፤ ከእንግዲህ መብራት የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛ ለምን እንጨነቃለን?» አሉ። ጭብጨባም አገኙ። እኔም ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ሁላችንም ያቅማችንን አዋጥተንበታል። ነገር ግን ኃይሉ ከግድቡ የሚወጣው በ500 ሺህ ቮልት መስመር ነው፤ ከዚያ በየጣቢያው እየተቀነሰ ይመጣና ሰፈራችን የሚደርሰው በ15 ሺህ ቮልት ነው፤ በመጨረሻ ያ በመንገዳችን ጫፍ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ወደ 380ና ወደ 220 ያወርደዋል። ይህን ሁሉ መንገድ አገር ከፍሎበታል። ከትራንስፎርመሩ ተነሥቶ የእኚያ ወንድማችን በር ድረስ ያለውን የመጨረሻ ርቀት ግን ማንም አልከፈለላቸውም፤ ለእሱ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ብዙዎቻችን አሁንም «መብራት ኃይል» እያልን የምንጠራው መሥሪያ ቤት በ2006 ለሁለት መከፈሉንም ማስታወስ ደግ ነው። ማመንጨቱና ከፍተኛው መስመር የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ቆጣሪው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ለግድቡ ያጨበጨበ ሰው ለቆጣሪው የሚሰለፈው በሌላ በር ነው።

ደግሞም ትራንስፎርመሩ ራሱ ልክ አለው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ባለ 100 ኬቪኤ የሚባለው ትራንስፎርመር ታዲያ በአንድ ጊዜ ሊሸከም የሚችለው ከ28 ምጣድ አይበልጥም፤ ያውም ሌላው ነገር ሁሉ ጠፍቶ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቃል። በየወሩ አዲስ ቤት እየተጨመረ፣ ግማሹም በማመልከቻ ሳይሆን በጎረቤት ቆጣሪ በኩል ተደብቆ እየገባ፣ መሥሪያ ቤቱ ትራንስፎርመሩ ስንት ቤት እንደተሸከመ በምን ያውቃል? በወረቀት ላይ 20 ቤት ነን፤ በሽቦው ላይ ግን ሌላ ቁጥር ነን። ከዚያ ሲነድ ሁላችንም እኩል ጨለማ ውስጥ ቁጭ እንላለን፤ ቆጣሪ ያለውም የሌለውም።

አሁን ወደዚያ በአጠና ላይ ወደ ተንጠለጠለው ሽቦ እንምጣ። የሰፈራችን ትልቁ ጣጣ ያ ነውና ሰፋ አድርገን እንየው።

«ለጊዜው ነው» ይባላል። ከጎረቤት ቤት እስከ አዲሱ ቤት 80 ሜትር ነው እንበል። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 160 ሜትር ነው። ብዙ ጊዜ የሚገዛው ርካሹ፣ ያ ለቤት ውስጥ ሶኬት የሚያገለግለው ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ በዚህ ርዝመት 1.1 ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው። በዳር ያለው ቤት ምጣዱን ሲሰካ 15 አምፔር ገደማ ያልፍበታል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 16 ወይም 17 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 220 ሆኖ የተነሣው 203 ሆኖ ይደርሳል። 3,500 ዋት ተብሎ የተገዛው ምጣድ 3,000 ገደማ ብቻ ያገኛል፤ እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል እሜቴ እርሾውን ይራገማሉ፤ ጥፋቱ ግን የእርሾው አይደለም። መንገድ ላይ የቀረው ኃይል ደግሞ የትም አልሄደም፤ ሽቦው ውስጥ ሙቀት ሆኗል። ሁለት ባለ 100 ሻማ አምፖሎች ከሚሰጡት የበለጠ ሙቀት በዚያ አጠናና በዚያ ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ሽቦው በተቀጠለበት ቦታ በፕላስቲክ ከተጠቀለለ፣ ሙቀቱ የሚበረታው እዚያች ቋጠሮ ላይ ነው። ቤት የሚቃጠለው ከዚያ ነው።

ይህ እንግዲህ አንድ ምጣድ ሲሰካ ነው። ቦይለር ሲጨመርበትስ? ያም ቦይለር በመሬት ሽቦ ካልተያዘ፣ ገላውን ሊታጠብ የገባ ሰው የመሬቱን ሥራ እሱ ራሱ ይሠራል። አርዝ የሚባለው የመዳብ ዘንግ መሠረት ሲቆፈር ቢቀበር ብዙ አያስወጣም። ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ግን ማን ያስበዋል? ለዚህ ነው በሰፈራችን ውስጥ ሴራሚኩ ከጣሊያን ነው እየተባለ የሚወራለት ቤት በእርጥብ እጅ ማብሪያ ሲነካ የሚነዝረው።

የሰጪውን ጎረቤት ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ቆጣሪው በስሙ ነው። የመብራት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ስለሆነ ፍጆታ ሲበዛ ዋጋውም ይከብዳል። ሁለት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የሚያልፈው እርከን የአንዱን ቤት ብቻ ሒሳብ አይደለም የሚያስወድደው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል፤ በአራት ዓመት የሚዘልቅ ጭማሪ ነው። እንግዲህ እትዬ እገሊት «ግማሽ በግማሽ እንካፈል» ብለው የጀመሩት ነገር በሦስተኛው ወር «እናንተ እኮ ማቀዝቀዣ አላችሁ» ወደሚል ይለወጣል። ከዚያ ልጆቻቸው አይነጋገሩም። ከዚያ በዕድር ላይ ጎን ለጎን አይቀመጡም። የዚህ ማኅበር ሽማግሌዎች ጊዜያቸውን የጨረሱት በድንበር ክርክር አይደለም፤ በቆጣሪ ሒሳብ ነው። ቤት የሚሠራው ሰው በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛውን ወረቀት ቢያስጽፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ጠብ አይመጣም ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን ነው።

ውሃውስ? እዚህ ላይ አጠር አደርጋለሁ፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ውሃ በፈረቃ መምጣቱን በገዛ ባልዲው ያውቀዋል። ከለገዳዲም ይምጣ ከአቃቂ ጉድጓድ፣ ቧንቧ ማስገባት ማለት ሁልጊዜ ውሃ ማግኘት ማለት እንዳልሆነ ተምረናል። ስለዚህ የውሃው ወጪ ቧንቧና ቆጣሪ ብቻ አይደለም፤ ማጠራቀሚያም ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት በነፍስ ወከፍ 50 ሊትር ቢጠቀም በቀን 300 ሊትር ነው፤ ባለ 2,000 ሮቶ ለስድስት ቀን ይበቃዋል። መልካም። ሮቶው ግን የት ነው የሚቀመጠው? ጣሪያ ላይ ከሆነ 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ነው። መሐንዲሱ ይህን ሳያውቅ ያሰላው ሶሌታ ላይ፣ ወይም ከነጭራሹ ሶሌታ በሌለው ቤት ቆርቆሮ ሥር፣ በኋላ «እስቲ እዚህ እንስቀለው» ሲባል ውጤቱ ስንጥቅ ነው። ለብቻው የብረት ማማ ይሠራለት ከተባለ ደግሞ እሱም ገንዘብ ነው፤ በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። ውሃ በክብደቱ ሲወርድ በየ10 ሜትር ከፍታ የሚያገኘው ግፊት 1 ባር ብቻ ነውና፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ሮቶ ያለ ዲናሞ ሻወር አያሠራም።

ዲናሞ ካልን አይቀር፤ አንዳንዶች ሮቶ የመግዛቱን ወጪ ለመሸሽ ዲናሞውን በቀጥታ በዋናው መስመር ላይ ይገጥማሉ። ይህ ጮሌነት አይደለም። ከታች ያሉትን ቤቶች ውሃ መንጠቅ ነው፤ ከዚያም በላይ መስመሩ ውስጥ ግፊቱ ሲጠፋ ዲናሞው በተሰነጠቀችው መገጣጠሚያ በኩል የመንገዱን ጭቃ ወደ ውስጥ ይስባል። ያንን ውሃ የሚጠጡት የሁላችንም ልጆች ናቸው። ዲናሞ የሚስበው በመጀመሪያ ከታች ባለ ማጠራቀሚያ ከተቀመጠ ውሃ ብቻ መሆን አለበት። እንግዲህ ከታች አንድ ማጠራቀሚያ፣ መካከል ላይ ዲናሞ፣ ከላይ ሌላ ማጠራቀሚያ፤ ይህን ከመሠረቱ በፊት ያልጻፈ ሰው በኋላ ዲናሞዋን ብቻ ይገዛል። እያየነው ነው።

የመጸዳጃው ነገር ከሁሉም ያሳፍራል፤ በጨዋ ደንብ ማንም አያነሣውም። እኔ ላንሣው። ፍሳሽ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ከቤት የሚወጣው ወፍራሙ ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ያህል ቁልቁለት ይፈልጋል፤ 25 ሜትር ርቆ ከሆነ ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ መድረስ አለበት። የቤቱ ወለል ከፍታ የሚወሰነው ደግሞ መሠረት ሲጣል ነው። ወለሉን ዝቅ አድርጎ የሠራ ሰው በኋላ በመንገዱ የፍሳሽ መስመር ቢመጣለት እንኳ ሽቅብ የሚሄድ ፍሳሽ ስለሌለ አይቀጠልም፤ ወይም ዕድሜውን ሁሉ በፓምፕ እየገፋ ይኖራል። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ የሚለው ተረት ለዚህ ቧንቧ የተተረተ ነው የሚመስለው።

በሰፈራችን የፍሳሽ መስመር ያልደረሰው ቤት ይበዛልና ሴፕቲክ ታንክ ግዴታ ነው። ሴፕቲክ ታንክ ማለት ጉድጓድ ቆፍሮ መክደን አይደለም። ውስጡ በደንብ ተለስኖ ውሃ የማያሳልፍ፣ ዝቃጩን የሚያስቀር፣ ከላይ የተጣራው ወደ መስረጊያ የሚሄድበት ነገር ነው። እዚህ ደግሞ የእኛ አፈር አለ። ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ውሃ ግን አያሰርግም። በቀይ አፈር ሰፈር የሚኖር ዘመድ «እኔ በትንሽ ጉድጓድ ነው የተገላገልኩት» ቢላችሁ አትስሙት። በዋልካ ላይ ያ መስረጊያ በአንድ ክረምት ይሞላል፤ ሞልቶም የሚሄደው ወደ ታችኛው ቤት ግንብ ነው። ከታች ያሉት አሮጌ ቤቶች የጓሮ ጉድጓድ ውሃ አላቸው፤ ከመስረጊያ እስከ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ የሚባለውን በዚህ በጠበበ ይዞታ ማን አሟላ? ታንኩ በትልቁ ካልተሠራ፣ መምጠጫ መኪናው የሚቆምበት መግቢያ ካልተተወለት፣ ወጪው ከባለቤቱ ኪስ ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ሆድ ይገባል። ይህን «የግል ጉዳይ» የሚለው ማነው?

አሁን ደግሞ ሊሰማ የሚገባው ክርክር ይምጣ። «ብር የለንም» የሚሉ አሉ። ውሸታቸውን አይደለም። ቆጥበው፣ ዕቁብ ጥለው፣ ከውጭ አገር ያለ ልጅ በላከላቸው ቤት የሚያቆሙ ሰዎች ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ኬብሉ፣ ዲናሞው፣ ብሬከሩ፣ ከውጭ የሚመጣው ነገር ሁሉ የት እንደደረሰ እነሱ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ይህ ግን የእኔን ነገር ነው የሚያጠናክረው። ለኋላ የተተወው ዕቃ ሁሉ የውጭ ዕቃ ነው። አሸዋና ድንጋይ የአገር ነው፤ መዳቡ ግን አይደለም። በቤት ውስጥ ለመጨረሻ የምንተወው፣ ዋጋው ከሁሉም በላይ የሚሮጠውን ዕቃ ነው ማለት ነው።

ገንዘቡ አጥሮ ከሆነም የሚያጥረው ክፍል ይሁን። አራት ክፍል ጨለማ ከመሥራት ሁለት ክፍል ውሃና መብራት ያለው መሥራት ይሻላል፤ ሁለቱ በኋላ ይቀጠላሉ። ሳሎኑ በ4 በ5 ይሁን ተብሎ ፕላን ላይ ሲሰፋ ማንም አይከራከርም፤ እንግዳ ሲመጣ ይታያላ! ቧንቧ ግን አይታይም። የብረቱ በር፣ የአንበሳው ራስ፣ የጣሪያው ጂፕሰም ይቆይ። እነዚህ ናቸው «ሌላው ይደርሳል» ሊባልላቸው የሚገባው። ሌላው ቀርቶ ምንም ብር የሌለው ሰው እንኳ መሠረትና ሶሌታ ሲሞላ ባዶ የፕላስቲክ ቧንቧ በየማለፊያው ቢያስቀብር፣ ነገ ሽቦም ውሃም በዚያ ያልፋል። ዛሬ የአንድ ቁራጭ ቧንቧ ዋጋ ነው፤ ነገ ግን የመሮና የመዶሻ፣ የልስንና የቀለም ወጪ ይጨመርበታል፤ አንዳንዴም ቢም ይበሳል። ቢም የሚበሳ ሠራተኛ ያየ ሰው ፖሊስ መጥራት ነበረበት።

ሌላም አለ። ከሦስት ዓመት በፊት ከዋናው መንገድ እስከ ቀበናው ድልድይ አቅጣጫ ባለው መታጠፊያ ድረስ ምሰሶ ለማስተከል አሥራ አንድ ቤቶች አዋጥተዋል። ያላዋጡት ቤቶች ምሰሶው ከቆመ በኋላ መጥተው ቀጠሉ። ያዋጡት ሲያጉረመርሙ «ምሰሶው የመንግሥት ነው፤ ምን አገባችሁ?» ተባሉ። አነጋገሩ ያናድዳል፤ ግን ከተተከለ በኋላ ማን ይቀጥል ማን አይቀጥል የሚወስነው አገልግሎት ሰጪው እንጂ እኛ አለመሆናችን ልክ ነው። ስለዚህም ነው መዋጮው ከመተከሉ በፊት መሰብሰብ ያለበት። ከዚያ በኋላ የሚለመን ሰው የለም፤ የሚለምን እንጂ።

ኮብልስቶኑም እንዲሁ። በአንድ መንገድ ላይ ስድስት ቤት ስድስት ጊዜ ይቆፍራል። አንዱ በመስከረም፣ አንዱ በጥር፣ አንዱ ክረምት ሊገባ ሲል። እያንዳንዱ ለየብቻ ፈቃድ ያወጣል፣ ለየብቻ ቆፋሪ ይቀጥራል፣ ድንጋዩን ለየብቻ አጎንብሶ ይመልሳል፤ አመላለሱ ደግሞ ያሳዝናል። አንድ ቦይ በአንድ ጊዜ ተቆፍሮ የስድስቱም የውሃ ቧንቧ ቢገባ ቁፋሮው ለስድስት ይካፈላል። ፍሳሹ ከውሃው በታችና ራቅ ብሎ፣ የመብራት ኬብሉም ለብቻው ተለይቶ መቀበር እንዳለበት ባለሙያው ያውቃል፤ ይህንንም በአንድ ጊዜ ሲሠራ ነው በትክክል የሚያደርገው።

ስለዚህ የፊታችን እሑድ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እንዲወሰን የምጠይቀው ይኸው ነው። ቤት የሚጀምር ሁሉ ከግድግዳ ወደ ውጭ ላለው ሥራ የተለየ የወጪ ወረቀት ለማኅበሩ ያሳይ፤ ገንዘቡን ማኅበሩ አይነካበትም፣ ማየቱ ብቻ ይበቃል። በአንድ መንገድ የሚሠሩ ቤቶች የጋራውን ምሰሶና ቦይ ድርሻ ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት ያስቀምጡ። ከጎረቤት መብራት መቀጠል የግድ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት ወር እንደሆነ፣ ሽቦው ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ፣ ሒሳቡን የሚለይ ንዑስ ቆጣሪ መኖሩ ይጻፍበት፤ ምጣድም በዚያ መስመር አይሰካ። ዲናሞ በዋናው መስመር ላይ የገጠመ እስከ ስብሰባው ቀን ያንሣ። ይህን የመጨረሻውን ድምፅ ልንሰጥበት አይገባም፤ ድምፅ የማያስፈልገው ነገር አለ።

ገና መሠረት ያላስቆፈራችሁ ጎረቤቶች ከስብሰባው በፊት ርቀቱን ለክታችሁ ብትመጡ ንግግሩ ያጥራል። ባለ 50 ሜትሩ መለኪያ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አለ፤ በመታወቂያ ይወሰዳል። ስትመልሱ ጭቃውን ጠርጉት።

አንድ የሰፈሩ ነዋሪ